ከሰል የሚያዳምጡት አባባ

አያቴ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሲያከስሉ ያረጁ ሰው ነበሩ። እኔ ሐይቅ የወረረውን እምቦጭ አስመጥቼ፣ አክስዬና አቡክቼ የተጠፈጠፈ ከሰል መሥራት ስጀምር ፊታቸው ጠቆረ።

«ሐይቅ ያነቀ አረም ለሰው ይራራል?»

«አባባ፣ ዛፍ አያስቆርጥም እኮ!»

«እሱን ተይውና ከሰሉን አምጪው።»

ከየማዳበሪያው አንድ ከሰል ያወጡና ከጆሯቸው አጠገብ በድንጋይ ያንኳኩታል። ከዚያ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤታችን ደጅ ላይ አቀጣጥለው፣ አመድ እስኪሆን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቁታል። ለባሕር ዛፋቸው አድልተው ነው ብዬ እኔም ጠረጠርኳቸው።

አንድ ቀን ለጎረቤት ልሸጥ ስል ማዳበሪያውን ያዙብኝ።

«ድምፁ አላማረኝም። አልደረቀም፤ ሰው ቤት ገብቶ ያፍናል።»

በንዴት አንዱን ሰበርኩት። ውስጡ እርጥብ ነበር። እሳቸው ቀጣዩን አንስተው ማንኳኳት ጀመሩ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ አዲስ ከሰል አወጣሁ። ጎረቤት ሁሉ እያየ «ጎበዝ!» አለኝ። የጠረጠረኝ አንድም ሰው የለም። ለገዢ ያሰርኩትን ማዳበሪያ መልሼ ፈታሁና አንዱን በድንጋይ እያንኳኳሁ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

ደህናው ከሰል ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ለካ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።