የመጨረሻውን ገጽ የቀየርኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለፓስተሬ አልነገርኩም፤ ስጸልይ እንኳ ዘልዬው ነው የማልፈው። ፊታችሁን ስለማላየው ለእናንተ ልናገር።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ እዚህ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የድራማ ክፍሉን የምመራው እኔ ነበርኩ። ራሄል የምትባል የሁለት ልጆች እናት፣ በምትማርበት ኮሌጅ ያነበበችውን፣ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ ቴአትር ወደ አማርኛ መልሳ አመጣችልኝ። ቴአትሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ከመጀመሪያ ጀምሮ ቆማ ባሏን ታበላለች። መጨረሻ ላይ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ ለራሷ ታወጣለች፤ እሱ ቆሞ እያየ ትበላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሴትዮዋን ሆና የምትሠራው ራሷ ራሄል ነበረች። ያን ጊዜ ከሚመታት ባሏ ሸሽታ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በምትባል ጎረቤት ከተማ እህቷ ቤት ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ትመለስ አትመለስ የሚለውን ይዘውት ገና አልወሰኑም። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት።

የመጨረሻውን ገጽ ቀድጄ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በምትኩ ሴትዮዋ ውሃ አምጥታ፣ የባሏን እግር አጥባ ይቅርታ እንድትጠይቅ አድርጌ ጻፍኩ። ራሄል አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው።

«እትዬ አልማዝ፣ ማነው ቼንጅ ያደረገው?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው» አልኳት።

ውሸት! ሽማግሌዎቹ ጽሑፉን በዓይናቸውም አላዩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ታዲያ ለምን? ቅናት ነዋ! እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌን ቆሜ ሳበላ፣ እሷ ማን ሆና ነው የምትቀመጠው? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያሉ ያሳደጉኝን ስረግም ኖሬ፣ ተራዬ ሲደርስ ከእነሱ ብሼ ተገኘሁ።

እሁድ ዕለት ራሄል ተንበርክካ የተዋናዩን እግር አጠበች። ሕዝቡ እልል አለ። ፊት ወንበር ላይ የነበረው ባሏ እያለቀሰ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ፓስተሩም እጃቸውን አያይዞ ጸለየላቸው። ሽማግሌዎቹ ታርቀዋል ብለው ነገሩን በዚያው ዘጉት። እሷም ከፓርኪንጉ በእሱ መኪና ሄደች። ቸርቹ ፈርዶብኛል ብላ ነው የሄደችው። ማን ነበር የፈረደባት? እኔ!

ኮሌጁን ተወች። በዓመቱ ክንዷን በጄሶ አስራ መጣች። በረዶ አዳልጦኝ ነው አለች። ሚኒሶታ ነው፣ በረዶ ማንን አይጥልም? ሰው ሁሉ አመናት። እኔ አላመንኳትም፤ ግን ዝም አልኩ።

አሁንም በር ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ትስመኛለች። ያንገበግበኛል። ባህሉ ነው፣ ወንዶቹ ናቸው ልትሉኝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ተዉኝ። እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልፈልግም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

የቀደድኩት ገጽ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የፊታችን እሁድ እሰጣታለሁ፤ የቀየርኩት እኔ እንጂ ሽማግሌዎቹ እንዳልሆኑም እነግራታለሁ። ከዚያ ትስደበኝ፣ ትትፋብኝ። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። እሷ ትቀመጥ።