ግልገሏን የሳለው ሰው

ሹ ሃንዪን ሻንግሃይ ውስጥ በአንድ የካርቱን ፊልም ድርጅት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ሠዓሊዎቹ በወረቀት የሳሉትን መስመር ጥርት ባለ ስስ ፕላስቲክ ላይ በብዕር መገልበጥ ነበር። አሻራ እንዳያርፍበት ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ ነው መስመሩን የምትስበው። ባሏን ፔይ ሶንግኒያንን ያገኘችው እዚያው ነው። እሱ ይስላል፣ እሷ ትገለብጣለች። "አንቺ እኮ እጄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ" ይላት ነበር።

ፔይ ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ፣ በውሃ በቀጠነ ጥቁር ቀለም የተሣለ ፊልም ነው፤ በዝናብ የራሰ ድልድይ የምትሻገር አንዲት የፍየል ግልገል። ያኔ የሠዓሊ ስም አይጻፍም፤ "በኅብረት የተሠራ" ተብሎ ይታለፋል። ፊልሙ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የባህል አብዮቱ ፈነዳ፤ አብዮተኞቹ መጡና "ሕዝቡ ሲታገል አንተ ፍየል ትስላለህ!" ብለው ፔይን ስብሰባ መሃል አቆሙት። ወደ ገጠር ላኩት። በሦስተኛው ዓመት፣ ብርዱ ሲጠና፣ በሳንባ ምች ሞተ። የት እንደቀበሩት እንኳ የነገራት የለም።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ አሮጌ ፊልሞችን የሚያድሱ ሰዎች ግልገሏን ከመጋዘን አወጧት። ታንግ ዪሩ የምትባል ወጣት ባለሙያ ብርቱካን ይዛ ሃንዪን ቤት መጣች።

"መምህርት" አለቻት በአክብሮት፣ "ሻጋታውንና ጭረቱን በኮምፒውተር እያጸዳን ነው። የሠሪዎቹንም ስም ልንጨምር አስበናል። ግልገሏን ማን ነው የሳላት?"

ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። "ፔይ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፔይ ሶንግኒያን።"

"የሚያረጋግጥ ወረቀት ይኖራል?"

"እሱን የወሰዱት ሳምንት ንድፉንም ማስታወሻውንም ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ለቤት ይፈትሹ ነበር፣ ልጄ።"

ከሠዓሊዎቹ በሕይወት የቀረው ኒዬ ባኦሊን ብቻ ነበር። እሱ ወዳለበት የአረጋውያን መጦሪያ አብረው ሄዱ። ኒዬ ሃንዪንን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ትንሿ ሹ! ጓንትሽን ደግሞ ጣልሽው?"

"ጣልኩት፣ ባኦሊን። ግልገሏን ማን ነው የሳላት?"

"የቷን ግልገል? ምሳ ፍየል ነው እንዴ?"

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። በሦስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ተኛ።

በሳምንቱ ታንግ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ብርቱካን አልያዘችም። "መዝገብ ቤት አንድ ወረቀት አገኘን" ብላ ኮፒውን አቀበለቻት። ሃንዪን የገዛ እጇን ጽሕፈት ወዲያው ለየችው። "ፔይ ሶንግኒያን በዚህ ፊልም ሥዕል ላይ እጁ የለበትም።" ከሥሩ ስሟና የአውራ ጣቷ አሻራ አለ።

"ላድነው ብዬ ነው" አለች። "ካልሳለ በምን ይከሱታል ብዬ። እሱ 'ተይ፣ አትዋሺ' ብሎኝ ነበር።"

"ይገባኛል፣ መምህርት። ኃላፊዎቹ ግን ያለን ማስረጃ ይኼ ብቻ ነው አሉ። አልሳለም ያሉትም እርስዎ፣ ሳለ የሚሉትም እርስዎ።"

"እንደገና ልፈርም። አሥር ጊዜ ልፈርም!"

ታንግ አቀረቀረች። "ሚስት ለባሏ ናት ይላሉ።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሃንዪን ግን አላመለጣትም፤ አስባ፣ አልቅሳ የጻፈችው ነው።

ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግልገሏ እግሯን አንስታ፣ ፈርታ መልሳ ስታሳርፍ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ፔይ ለዚያች መንቀጥቀጥ ሁለት ወር ለፍቷል፤ ወለሉ ላይ በአራት እግሩ እየዳኸ የራሱን ጉልበት በመስታወት ያይ ነበር። ጽዳቱ አንዲት መስመር አላጠፋም። መጨረሻ ላይ የአዳሾቹ ስም አርባ ሦስት ሆኖ አለፈ። "ሥዕል" በሚለው ፊት "በኅብረት" ይላል።

"አያቴ፣ አያምርም?" አላት ከጎኗ የተቀመጠ ወጣት።

"ያምራል" አለች።

ኒዬ ከአዲስ ዓመቱ በዓል በፊት ሞተ። የልጁ ሚስት ከለቀስተኛው ፊት ቆማ "ያችን ግልገል የሳላት አባታችን ነው" ስትል ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሃንዪን አፏን ከፈተች። ማን ያምናታል? መልሳ ዘጋችው። ተራዋ ሲደርስ ለሬሳው ሦስት ጊዜ እጅ ነስታ ወጣች፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ብዙ ሰው ስለነበረ ቆማ ጠበቀች።