የሌንሴ ክፍል ብርቱካንማ ሆነ

«የልጅሽ ሙት ዓመት ሳይወጣ ቤት ይቀባል? አታፍሪም?» አለችኝ የባለቤቴ እህት ዛሬ ጠዋት፣ ቀለም ቀቢው ጋሎኑን ይዞ ሲገባ።

«ጥቁሩን እኔ ለብሻለሁ። ግድግዳው ምን አጠፋ?» አልኳት።

ልጄ ሌንሴ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። ክፍሏን ብርቱካንማ እንዳስቀባላት ስንት ጊዜ ለምናኛለች። እኔ ግን ጎረቤት ይስቅብናል ብዬ ክሬም አስቀባሁት። (መቱ ውስጥ ክሬም ያልሆነ ቤት ያያችሁ እስቲ ንገሩኝ።)

ቀቢው ጋሎኑን ሲከፍት ደነገጠ። «እትዬ፣ ይሄ ዓይን ይወጋል። ትንሽ ነጭ ልቀላቅልበት?»

«ጠብታ እንዳትጨምር!»

አንድ እጅ ቀብቶ ሲጨርስ ክሬሙ ከሥር ብቅ ብቅ ይላል። «ይበቃል?» አለኝ። ድገመው አልኩት።

የባለቤቴ እህት በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «ያ ጥግ ቀርቷል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙት ዓመት አላነሳችም።

ነገ ዘግይተው መርዶ የሰሙ ዘመዶች ከቡሬ ሊያጽናኑኝ ይመጣሉ። የማስቀምጣቸው እዚያው ክፍል ነው። የፈለጉትን ይበሉ።

እናንተስ ሰው ፈርታችሁ ለልጃችሁ የከለከላችሁት ምን አለ? ጻፉልኝ። ልጁ አጠገባችሁ ካለ ግን መጀመሪያ ሄዳችሁ ፍቀዱለት።