የሜቪስ ዜማ ወደ ታች ነው የሚወርደው

ግሌኒስ ሆባርት ከተማ ውስጥ ከወደቡ እስከ ተራራው ሥር ያለውን መስመር የምትነዳ የአውቶቡስ ሹፌር ናት። በር ላይ ቆሞ የሚያስጠብቃት ተሳፋሪ ካለ አትጮህበትም። በመስታወቱ ታየዋለች፣ እሱ ራሱ አፍሮ ይገባል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ ደብል ቤዝ የሚባለውን ሰው የሚያክል ባለ ገመድ መሣሪያ ትጫወታለች። ፒያኖው ላይ ክላይቭ፣ ድራሙ ላይ ኔቭ ነው። ሦስቱ ፀጉራቸው ሳይሸብት ጀምሮ አብረው ጃዝ ሲጫወቱ ኖረዋል።

እናቷ ሜቪስ ዓሣ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ዓሣ እየቆረጠች የምታንጎራጉራት አንዲት አጭር ዜማ ነበረቻት። ስትሞት ግሌኒስ ያቺን ዜማ ትንሽ አስረዘመቻትና "ሜቪስ" ብላ ሰየመቻት። መጨረሻው ላይ ሁሉም ዝም ይልና ቤዙ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ እናትየው ቢላዋዋን እንደምታስቀምጠው ዓይነት ነው።

ክላይቭ ከኦርኬስትራ ጋር አልበም የመቅዳት ሕልሙ ሲሳካለት "ሜቪስ" አንዷ ሆና ገባች። የኦርኬስትራውን ኖታ የጻፈው መሪው ሩፐርት ነው። መጠጥ ቤት የተቀዳውን እየሰማ ነው የጻፈው። በቀረጻው ቀን ቤዟን በመኪናዬ ያደረስኩት እኔ ስለሆንኩ አዳራሹ ጥግ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አይቻለሁ።

ዜማው አልቆ ሩፐርት ዱላውን አወረደ።

"ቤዝ፣ ተሳስተሻል። መጨረሻው ወደ ላይ ነው።"

"የትኛው ቤዝ?" አለች ግሌኒስ። ከኋላዋ ስምንት የኦርኬስትራ ቤዞች ተደርድረዋል።

"አንቺ ነሻ! ስምንቱ ሲወጡ አንቺ ወረድሽ።"

"ዜማው ይወርዳላ።"

"ወረቀቱ ይወጣል ይላል።"

ሄዳ የስምንቱን ወረቀት አየችው። አንገቷ ድረስ ቀላች። "ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ካንቺው ነዋ። የመታሽውን ነው የጻፍኩት። አንዲት ነገር አልጨመርኩም።"

እውነቱን ነው፣ አልጨመረም። ያ የተቀዳበት ሐሙስ እኔም እዚያው ነበርኩ። መጠጥ ቤታችን ሐሙስ ሐሙስ የሥጋ ዕጣ ያወጣል፤ ባለ ቀለም ቲኬት ይሸጥና ቁጥሩ የወጣለት ሥጋ ይዞ ይሄዳል። ልክ "ሜቪስ" ስታልቅ አስተናጋጇ ከባንኮኒው ጀርባ "አረንጓዴ፣ ሰባ ሁለት!" ብላ ጮኸች። ዕጣው የግሌኒስ ነበር። ቀና አለች፣ ጣቷ ተንሸራተተ፣ ድምፁ ወደ ላይ ሾለከ። ሥጋዋን ይዛ ቤቷ ገባች። ሁላችንም ረሳነው።

"ስህተት ነው እኮ!" አለች። "የሥጋ ዕጣ ወጥቶልኝ ነው እጄ የተንሸራተተው!"

ኦርኬስትራው በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች "የምን ሥጋ ነበር?" አለች።

"የበግ!"

"አንዲት አጥንት እንኳ አላቀመሰችንም" አለ ኔቭ።

ሩፐርት አልሳቀም። "ጩኸቱን ሰምቼዋለሁ። ትቼዋለሁ።"

"እንዴ ጌታው!" አለው ኔቭ። "ጩኸቱን ትተህ ስህተቱን ወሰድክ?"

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። ይሄኔ ነው ሩፐርት ልቡ የደነደነው። ሰው ሲስቅበት አይወድም። "ያም ሆነ ይህ ያምራል" አለ። "ጥያቄ ሆኖ ነው የሚያልቀው።"

"እናቴ በሕይወቷ ጠይቃ አታውቅም። ትነግርሃለች። እርሳስ ስጡኝ፣ አንዲት ኖታ ነች፣ አሁን አስተካክላታለሁ።"

"ቫዮሊኖቹን በሙሉ የሠራሁት እሷ ላይ ነው። ብትወርድ ሁሉም ይፈርሳል። ሰዓትም የለንም።"

ሰዓት የለንም ያለው ውሸት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸው ከሞላ ዜማው መሃል ላይም ቢሆን ደጋናቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ። ሥርዓታቸው ነው።

ክላይቭ ከፒያኖው "ግሌን፣ በቃ ተይው። ማንም አያውቅም" አላት።

"ማንም ካላወቀማ ማስተካከሉ ማንን ይጎዳል?"

"ይሄን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት ታውቂያለሽ።"

"አንተም ሜቪስን ታውቃታለህ። ገበታዋ ላይ በልተሃል!"

ክላይቭ ፒያኖውን አየ። እኔን ያንጨረጨረኝ ይሄ ነው። ሩፐርትስ የራሱን ሥራ ነው የጠበቀው። ይሄኛው ግን በቀብሯ ቀን የሜቪስን ሬሳ ሳጥን ተሸክሟል።

ሩፐርት ዱላውን አነሳ። "እንግዲያው አንቺ አትጫወቺ። ስምንቱ ይበቃሉ።"

ጥላው ትሄዳለች ብዬ እኔ የመኪናውን ቁልፍ አወጣሁ። እሷ እቴ! የቤዙን አንገት አነቀችና "እስቲ ቁጠር" አለችው።

ቆጠረ። መጨረሻው ሲደርስ ስምንቱ ወጡ፣ እሷ በሙሉ ክንዷ ወረደች። የጭነት መኪና ግድግዳ ሲፍቅ እንዲያ ነው የሚጮኸው። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ወረደች።

"ማይኳን ዝጋ!" አለ ሩፐርት።

ቀጂው በድምፅ ማጉያው "ዘግቼዋለሁ እኮ" አለ። "በሌሎቹ ማይኮች ይገባል። የሁላችሁም አዳራሽ አንድ ነው።"

"ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ!"

ኔቭ ዱላዎቹን ድራሙ ላይ ወረወራቸው። "እሷ ከወጣች እኔም የለሁም። ክላይቭ ብቻውን ሦስት ይሁን።"

ሁላችንም ክላይቭን አየነው። ክላይቭ እሷን ሳያይ ለሩፐርት "እንቀጥል" አለው።

ሊያስወጣት የደፈረ ግን አልነበረም፤ ቀጠሉ፣ ግሌኒስም ወረደች። ዜማው ሳያልቅ ሰዓቱ ሞላና ቫዮሊኖቹ ደጋናቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

አልበሙ ወጥቷል። ሰው ወዶታል። "ሜቪስ" የለችበትም።

ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ይጫወታሉ፣ ግን ግሌኒስና ክላይቭ አይነጋገሩም። "ኔቭ፣ ፒያኖ የያዘውን ሰውዬ ምቱን ጥለህ እየሮጥክ ነው በልልኝ" ትላለች። "ኔቭ፣ ለእመቤቲቱ አልሮጥኩም በልልኝ" ይላል። ኔቭ ደግሞ "ፖስታ ቤት መሰልኳችሁ?" ብሎ ይቆጣል።

ባለፈው ሐሙስ ክላይቭ ማንንም ሳይጠይቅ "ሜቪስ"ን ጀመረ። ልታረቅሽ ማለቱ ይመስለኛል። ቀስ አድርጎ መጨረሻው ድረስ አመጣትና እጁን አንስቶ ለቤዙ ለቀቀላት። ግሌኒስ መዳፏን ገመዶቹ ላይ ጫነች። አልመታችውም። ሰዎቹ አለቀ ብለው አጨበጨቡ።

"ኔቭ፣ ንገረው" አለች። "ይቺን ዜማ ከመንካቱ በፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ። በአፉ።"

"አጠገብሽ ነው እኮ!"

"ንገረው አልኩህ።"