ሰዓቱ በእኛ ይሁን ያልኩበት ካሜራ

አስታ ሲቃጠል ጭሱ ከሌላ እንጨት ጭስ ይለያል። የተራራው ቁጥቋጦ ነው፤ እርጥቡም ይነድዳል። ሽታው መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ቆይቶ ጉሮሮ ይይዛል። ትናንት ከሰዓት ጎረቤታችን ጓሮ ውስጥ ሲያነድዱት እኔ ልብስ ከገመድ እያወረድኩ ነበር። እጄ ላይ ያለውን አንሶላ ይዤ ስቆም አንቺ በመስኮት አየሽኝ። «አክስቴ፣ ምነው?» አልሽ። «ጭሱ ነው» አልኩሽ። አልዋሸሁሽም። ግን ሙሉውን አልነገርኩሽም።

እናትሽ የተዳረችው ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ በጥር ነው። እኔ አርባ አምስት ሊሞላኝ ነበር፤ ያኔ ያረጀሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልጅ ነበርኩ። ጎባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ፣ አጎትሽ፣ የአንድ ነጋዴ ነጭ ፒክአፕ ይነዳል፤ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ደሎ እህልና ሳሙና ያደርሳል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ሲመለስ ከሩቅ ጡሩምባ ያሰማል። እናታችን ጡሩምባውን ስትሰማ ውኃ ትጥዳለች።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ካሜራ ልገዛ ከአጎትሽ ጋር በሚኒባስ ሮቤ ወረድን። ሬዲዮና ባትሪ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። የእህታቸው ልጅ ከጅዳ ዕቃ ያመጣላቸዋል። በመስታወቱ ላይ ጨርቅ አነጠፉና ሁለት ካሜራ አስቀመጡልን። ሁለቱም ፊልም የማይፈልጉ፣ በኪስ የሚያዙ ናቸው። አንዱ አሮጌ ነው፤ የልብስ ሳሙና ያህላል፣ ማዕዘኑ ላይ ቀለሙ ተልጧል፣ በተራ ድንጋይ ባትሪ ይሠራል። ሌላው አዲስ ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር ቀይ፣ ባትሪው የራሱ።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ አሮጌው ይሻልሻል» አሉ ሐጂ። «ለብርድ አገር ሰው ነው የምነግርሽ። ድንጋዩ ቢያልቅ ጎባ በየሱቁ አለ። የአዲሱ ባትሪ ቢሞት ጅዳ ልትልኪ ነው።»

«ሐጂ፣ አሮጌውን ለአሮጊት ይሽጡ» አለ አጎትሽ። «እቺን ገና ልድራት ነው።»

«አንተን ማን ዳረህ?»

«እኔማ መኪና አግብቻለሁ። እሷም የሰው ሚስት ናት።»

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን ሁለቱን ካሜራ በየተራ እያገላበጥኩ ነበር። አሮጌው ሲጨበጥ እጅ ይሞላል፤ ደስ ይል ነበር። «ጉድለቱ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ወላሂ አልደብቅሽም። የሰዓቱ መሙያ ቁልፍ አይሠራም። ልጁ ጅዳ ሳለ እንደሞላው ይሄዳል። ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ ነው፤ አይዛነፍም፣ ግን አይነካም።»

እንግዲህ ይኼን ስሰማ ነው የቆረጥኩት። መዝገብ ቤት ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የገባ ደብዳቤ ሁሉ ጀርባው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት እየቀነስኩ የምኖርበት ዕቃ አልፈለግሁም። አዲሱን አነሳሁ።

«ይኼኛውስ ይሞላል?»

«ይሞላል። ልሙላልሽ? በእኛ ወይስ በፈረንጅ?»

«ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፤ ጳጉሜን አያውቅም፣ ዓመት ሲዞር ይበላሻል። ሰዓቱ ግን በእኛ ይሁን።»

«እትዬ፣ ካሜራውንም ፋይል አደረግሽው» አለ አጎትሽ።

ሐጂ ግድግዳቸው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። አራት ከአሥር ብለው ሞሉት። ሲሰጡኝ አንድ ጊዜ በእጃቸው መዘን አደረጉት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ አያያዛቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በዚያው ወር መጀመሪያ አጎትሽ ከደን ጠባቂዎች ጋር ተጣልቶ ነበር። ከመኪናው ላይ የጫነውን እንጨት አስወረዱት። በንዴት «ይኼን ሁሉ አስታ አንድ ክብሪት ይበቃዋል» አለ። ቤት መጥቶ እየሳቀ ነገረን። እናታችን አልሳቀችም። «ይኼን ማን ሰማህ?» ብላ ጠየቀችው። «ሁሉም» አላት።

የሠርጉ ቀን ፀሐይ አልወጣችም። ጥር ላይ እንደዚያ ያለ ደመና አይቼ አላውቅም፤ ጎባ ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ዋለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከወጥ ቤት አልወጣሁም፤ ካሜራው ኮመዲኖ ውስጥ ነበር። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሙሽራው ይዞ መጥቷል። በስምንት ሰዓት እናትሽን ወሰዷት፤ ዘመዶቻችን ሁሉ በሁለት መኪና ተጭነው እስከ ገሰራ አጀቧት። የቀረነው እናታችን፣ እኔና አጎትሽ ነን። እሱ ወንበሮቹን ለእድሩ የሚመልስ ሆኖ ነው የቀረው።

እናታችን ተኛች። ካሜራውን አስታውሼ አወጣሁት። አጎትሽ ባዶው ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ክራቫቱን ፈትቶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ከኋላው አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል።

«ሙሽራዋን ሳላነሳ ቀረሁ» አልኩት።

«እኔን አንሺኝ። እኔ ከማን አንሳለሁ?»

አነሳሁት። ያን ቀን ያነሳሁት እሱን ብቻ ነው። ከታች በብርቱካን ቀለም ቀኑ ወጣ፣ አጠገቡ 10:20። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ስናየው ነፋሱ ዞረና ያ ሽታ መጣ። አጎትሽ ቀና አለ። «ላይ የሆነ ነገር እየነደደ ነው» አለ። ተራራው በደመናው ውስጥ ስለሆነ ምንም አይታይም። ሽታ ደግሞ ፎቶ አይነሳም።

እሳቱ ሦስት ቀን ነደደ። ወደ ደሎ በሚያሻግረው መንገድ ዳር ባለው አስታ ነው የተነሳው፤ የአንድ ሽማግሌ ጎጆ ውስጥ ገባ፣ ሽማግሌው ከነከብቶቻቸው አለቁ። በአሥር ሰዓት ገደማ አንድ ነጭ ፒክአፕ እዚያ ቆሞ ነበር የሚል ሰው ተገኘ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ነጭ ፒክአፕ ብዙ ነው። ስለ ክብሪት የተናገረ ሾፌር ግን አንድ ነው። በአምስተኛው ቀን አጎትሽን ከመናኸሪያ ወሰዱት።

ያ ሳምንት ከተማው ዝም አለብን። ቤታችን የበሉ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አይዞሽ» ይሉኛል፣ እግራቸው ግን አይቆምም። ምስክር መሆን የሚያስፈራበት ጊዜ ነው፤ ደግሞም እስከ ስምንት ሰዓት እንጂ ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም። ከእናቱና ከእህቱ በቀር። ስለዚህ ፎቶው ብቻ ነበር ሰው ያልሆነው ምስክራችን። አሳተምኩት፤ ካሜራውንም በጨርቅ ጠቅልዬ ለመርማሪው ወሰድኩለት።

ወጣት ሰው ነው፤ ጨዋ ነበር፣ አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አቀረበው።

«ይኼ ጥሩ ነው» አለ። «ግን ወይዘሮ፣ ይኼ የጠዋት ፎቶ ነው።»

«የከሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ከሃያ።»

«ቀኑ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ቀኑ በፈረንጅ ከሆነ ሰዓቱም በፈረንጅ ነው። በእኛ ከጠዋቱ አራት ከሃያ መሆኑ ነው። ድንኳኑ ባዶ ነው፤ ገና ሰው አልመጣም።»

ባዶ ድንኳን ከድግስ በፊትም ከድግስ በኋላም አንድ ነው። ወንበሩም ያው፣ ነጭ ሸሚዙም ያው፣ ጥላ የለ፣ ፀሐይ የለ። ይህን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አሮጌው ካሜራ ቢሆን ኖሮ ራሱ በፈረንጅ 4:20 ብሎ፣ ከሰዓት መሆኑንም ጨምሮ ይጽፈው ነበር፤ ቁልፉም ስለማይሠራ ማንም ነካው አይባልም ነበር።

«እኔ ነኝ በእኛ ይሞላ ያልኩት» አልኩት። «የሞሉትም ሐጂ ናቸው፤ ሮቤ አሉ፣ ይጠየቁ።»

ጻፈ። «ሰዓቱ የሚለወጥ ካሜራ ነው፤ ማን እንደለወጠው ይጣራል። እንጠራችኋለን» አለ።

ሮቤ ወርጄ ለሐጂ ስነግራቸው፣ እንዲያውም ሳልጨርስላቸው ነው ለመምጣት ምርኩዛቸውን ያነሱት። «ቁርአን ይዤ እናገራለሁ» አሉ። ችሎቱ በዋለ ቀን ከሮቤ መጥተው ከእኔ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የውጪው አግዳሚ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋቢያቸውን በጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሌሎች ሰዎች ተጠሩ። እኛን የጠራ የለም። በስድስት ሰዓት አጎትሽን በካቴና ሲያወጡት አየኝ፤ በአገጩ «ሂጂ» አለኝ። ሦስት ዓመት ፈረዱበት።

ለምን እንዳልተጠራን ሳስብ ኖርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ይዤለት እሄዳለሁ፤ በሽቦው ማዶ ስለ እናታችን እግር፣ ስለ አንቺ መወለድ እናወራለን። ስለ ካሜራው አንድም ቀን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። የተቀየመኝ ይመስለኝ ነበር። የሰዓቱን ነገር በየቀኑ፣ የገባ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ስጽፍ፣ አስበው ነበር።

ሲፈታ ጠጉሩ ግማሹ ነጭ ሆኗል። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲል የውሳኔውን ግልባጭ አምጣ አሉት። መሥሪያ ቤቴ ኮፒ ማድረጊያ ስላለ ይዞልኝ መጣ፤ «አንድ ቅጂ በቂ ነው» ብሎ ግቢው በር ላይ ቆመ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ ሳነጥፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዓይኔ ወደቀ። መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ሳላነብ የማሳልፈው ወረቀት የለም።

እንዲህ ይላል፤ «የካሜራውን ሰዓት ማን እንደለወጠው ሲጠየቅ፣ ይህን ያደረገ ሰው ሐሰተኛ ማስረጃ በማዘጋጀት የሚጠየቅ መሆኑ ከተነገረው በኋላ፣ የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ ካሜራውን መንካት አታውቅም፤ ሌላም የሚያውቅ ሰው የለም ሲል ቃሉን ሰጥቷል።» ከሥሩ ዳኛው፣ ተከሳሹ ሰዓቱን ራሱ እንደለወጠ ስላመነ ፎቶግራፉም ስለ ሰዓቱ የቀረቡት ምስክሮችም እንደማያስፈልጉ ጽፈዋል።

ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ ሦስተኛውን ገጽ አገላብጬ በሥርዓቱ ከሌሎቹ ጋር አስተካክዬ በስቴፕለር መታሁት። ፖስታ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

«ዘገየሽ» አለኝ።

«ወረቀት አልቆ ነበር።»

ፖስታውን ተቀበለኝ፣ ወደ ኮቱ ኪስ አስገባ። «አነበብሽው እንዴ?» አለ፣ ወደ መንገዱ እያየ።

«ሥራ በዝቶብኛል፣ ምኑን አነበዋለሁ» አልኩት።

«ይሻላል» አለ። «አሰልቺ ነው።»

የኮቱ ኮሌታ ከኋላ ታጥፎ ነበር። እጄን ሰድጄ አስተካከልኩለት፣ እሱም እስክጨርስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመልኝ።