ለውሻችን የመጣው ሐኪም

እህቴ ከጎንደር ደውላ «የከብት ሐኪሙ አባዬ ቤት ድረስ መጥቶ ውሻውን በመርፌ አሳረፈው» ስትለኝ፣ ልጅ ሆኜ ኮሶዬ በሚባለው አገራችን ያየሁት ታወሰኝ። ሁዳዴ ነበር። የዚያን ጊዜው ውሻችን መከታ አርጅቶ መነሳት ቢያቅተው፣ ጾመኛዋ እናቴ ወተት አሙቃ ከመዳፏ አጠጣችው።

«ምነው እማዬ፣ በጾም?»

«እሱ ምን ጾም አለበት? ይልቅ ራሱን ደገፍ አድርጊለት።»

አባቴ ያስመጣው የከብት ሐኪም «መጀመሪያ ያንቀላፋል፤ ከዚያ ልቡ ይቆማል» ብሎ መርፌ ወጋው። ትንፋሹ እጄ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ዓይኑ ግን እንደተከፈተ ቀረ።

አባቴ «ሸጋ አሟሟት ነው፤ ለኔም እንዲህ ባደረገልኝ» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በስመ አብ በል!» ብላ እናቴ ጮኸችበት። ለምን እንደተቆጣች ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ እናቴ የለችም፤ አባቴም ከውሻው በቀር አብሮት የሚኖር አልነበረውም። ሐኪሙ ሲመጣ እዚያ የነበራችሁ ጎረቤቶች ሁሉ፣ ስለ እመቤቴ ብላችሁ፣ አባቴን ብቻውን አታሳድሩት።