ዘበኛውን የለካሁበት ጠዋት

አንድን ቁም ነገር ላስተምር ብለው፣ በዚያው ቁም ነገር ሰው በድለው ያውቃሉ? እኔ በድያለሁ። ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ጭሮ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። በዚያ ሐሙስ ረፋድ ክበባችን የተወያየው ስለ ወታደርና ስለ አእምሮ መሣሪያ ነበር። እንደ ሻሽ ራስ ላይ ታስሮ፣ የአንጎልን እንቅስቃሴ እያነበበ ሰውየው ነቅቷል ወይስ ደክሟል የሚል መሣሪያ በዓለም ላይ እየተሠራ ነው። ለጦር ሠራዊት ቢውል ምን ሕግ ያስፈልገዋል? ተማሪዎቼ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሦስት ሕግ አወጡ፤ እኔም በሰሌዳው ላይ አሳምሬ ጻፍኩት። አለቃው ጠይቆት «እሺ» ያለ ወታደር ፈቅዷል አይባልም። ለአንድ ጉዳይ የተለካ ነገር ለሌላ አይውልም። ማሽን ብቻውን በሰው ላይ አይፈርድም።

ጓደኛዬ ያዋሰኝ፣ ከአሻንጉሊት ብዙም የማይሻል የራስ ማሰሪያ ነበረኝ። ከስልክ ጋር ይገናኝና የሰውን ትኩረት ከመቶ ያሳያል። በተግባር ላሳይ ብዬ የግቢያችንን ዘበኛ አስጠራኋቸው። የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ ከእሳቸው የተሻለ ምሳሌ አልታየኝም።

«አባባ፣ ይቺን አንዴ ያስሩልኛል?»

«አንቺ ካልሽ እሺ ልጄ» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ስልኩ ከመቶ ሠላሳ አለ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«አባባ ተኝተዋል እንዴ!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ገና ነው አቦ! ባርጫ ሳይደርስ የእኔን ጭንቅላት ማን ቀሰቀሰው?» ብለው አብረው ሳቁ።

እዚህ አገር ይህን የማይረዳ የለም። ብዙ ሰው ለባርጫ ተቀምጦ ጫት የሚቅመው ከምሳ በኋላ ነው፤ ረፋድ ላይ ሃራራው ራስ ያከብዳል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ይህን ከየት ያውቁታል?

ሳቁ ሳይበርድ ዞር ስል ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

ሰኞ ዕለት ዘበኛው ደብዳቤ ደረሳቸው። ለበሩ ሌላ ሰው ስለሚቀጠር፣ ከሚስታቸው ጋር የሚኖሩባትን የዘበኛ ክፍል በወሩ መጨረሻ እንዲለቁ የሚል ነው። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ለትምህርት ነው የለካኋቸው!»

«ቁጥር ቁጥር ነው ቲቸር። ባለፈው ከግቢው ወንበር ሲጠፋስ ዘበኛው የት ነበሩ?»

«መሣሪያው የማይታመን ነው። ደግሞ ረፋድ ነበር።»

«በር ረፋድም ይጠበቃል።»

ማሰሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። «እንግዲያው እርስዎም ይሞክሩት።»

«እኔን? ምን አጥፍቼ!» ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

እሳቸው እምቢ ማለት ቻሉ።

ለዳይሬክተሩ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሦስቱን ሕጎችም አያያዝኩ። መልስ የለም። በሳምንቱ ስጠይቅ ጸሐፊዋ «ፋይል ውስጥ ገብቷል» አለችኝ። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ጠየቅኩ፤ ፋይል ውስጥ ነው።

ወሩ ሲያልቅ አባባ ፍራሻቸውን ባጃጅ ላይ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ቦኬ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ግን እኮ እምቢ ሊሉኝ ይችሉ ነበር» አልኩ።

«ለማን? በተማሪ ፊት ለመምህር?» ገመዱን ጠበቅ አደረጉ። «በጦሩም አለቃ ሲጠራ አቤት ነው የሚባለው። እዚህስ ምን ተለየና?»

የመጀመሪያውን ሕግ ስጥስ ሰሌዳው ላይ ከጀርባዬ ተጽፎ ነበር። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ነገ ከእርስዎ በታች የሚሠራን ሰው አንድ ትንሽ፣ የማያስፈልግ ነገር ይጠይቁት። በማግስቱ ሌላ ይጠይቁት። በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለዎት ይቁጠሩና፣ ስለ ወታደሩ ፈቃድ ከዚያ በኋላ እንነጋገር።